ልጃችሁ «ሙያ መማር ነው የምፈልገው» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ልጁ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ትንሽ ሲያመነታ ይቆይና «እኔ ኤሌክትሪክ መማር ነው የምፈልገው፣ የኮሌጅ መሰናዶው ይቅርብኝ» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ ከወላጅ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ምነው፣ ውጤትህ ወረደ እንዴ?»

ይህን ጥያቄ እባካችሁ ዋጥ አድርጉት። ልጁ የነገራችሁ ስለ ፍላጎቱ ነው፤ እናንተ የጠየቃችሁት ስለ ድክመቱ። ከዚያ በኋላ የሚላችሁ ሁሉ ራሱን ለመከላከል ይሆናል፣ እውነተኛውን ምክንያትም ላትሰሙት ትችላላችሁ።

እኔ በሙያ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ክፍሌ ውስጥ ሁለት ዓይነት ልጅ ይቀመጥ ነበር። አንዱ መርጦ የመጣ፣ ሌላው «ያኛው አልሆነልህም» ተብሎ የተላከ። በጭንቅላት አይበላለጡም። ሁለተኛው ግን ገና ሳይጀምር የተሸነፈ ይመስለዋል፤ ያን ስሜት ከልጁ ላይ ለማራገፍ አንዳንዴ መንፈቅ ሙሉ ይፈጅብኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የምለምናችሁ ነገር ይህን ምርጫ የውጤት ጉዳይ እንዳታደርጉት ነው። ምርጫው መታየት ያለበት ልጁ በሚገባበት ወርክሾፕና ከዚያ ሲወጣ በሚጠብቀው መንገድ ነው። ሁለቱንም ሄዶ ማየትና መጠየቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ሥራውን ያሽትተው

አንድ ነገር መውደድና የነገሩን ሥራ መውደድ ይለያያሉ። መኪና የሚወድ ልጅ ብዙ ነው። መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ዘይት እየተንጠባጠበበት፣ «ችግሩ ከባትሪው ነው ወይስ ከዲናሞው?» እያለ አንድ በአንድ እየለየ ሁለት ሰዓት የሚቆይ ልጅ ግን ሌላ ነው። ምግብ ማብሰል የሚወድና አራት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሽንኩርት የሚከትፍም እንደዚሁ።

ስለዚህ «ለምን?» ብላችሁ ከምታፋጥጡት «የትኛውን ሥራ? ማን ሲሠራው አየህ? ምኑ ደስ አለህ?» በሉት። መልሱ ጥርት ያለ ዝርዝር ከሆነ፣ ማለትም «ሰውዬው ግድግዳውን ሳይነካ መስመሩ የት ጋ እንደተቆረጠ በቴስተር ሲያገኘው» ዓይነት ነገር ካላችሁ፣ ልብ በሉ። እሱ ልጅ አይቷል። «ገንዘብ አለው ይባላል» ብቻ ካለ ደግሞ ገና አላየም ማለት ነው። ይህም ችግር የለውም፣ ማየት ይችላል።

ስዊዘርላንዶች ለዚህ ጥሩ ልማድ አላቸው። ከወጣቶቻቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሙያውን መንገድ ነው የሚይዙት። ልጁ ግን ከመፈረሙ በፊት በሚፈልገው የሥራ ቦታ ጥቂት ቀን ውሎ ይሞክራል፤ ሁለት ሦስት ሙያ ሞክሮ የሚወስንም አለ። እናንተ ባላችሁበት እንዲህ ያለ ሥርዓት ባይኖርም ነገሩን በራሳችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። የምታውቁትን ባለሙያ ለምኑት፦ «ልጄ ሦስት ቀን አጠገብህ ይዋል፣ ምንም አይነካም፣ ዕቃ ያቀብልህ።» አንድ ቀን አይበቃም፣ የመጀመሪያው ቀን ሁሌም ደስ ይላል። በሦስተኛው ቀን እግሩ ዝሎ ሲመጣ ስለ ሥራው የሚያወራበትን ድምፅ ስሙት።

የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

«የሙያ ትምህርት ቤት» የሚለው ስም ብዙ የተለያየ ነገር ይሸፍናል። ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ውስጥ የተለመደው ጣምራው ነው። ልጁ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ድርጅት ውስጥ እየሠራ ይማራል፣ ደመወዝም ይከፈለዋል፤ የቀረውን አንድ ወይም ሁለት ቀን ትምህርት ቤት ይገባል። በሌላ ብዙ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር ግቢው ውስጥ ነው፣ ከኢንዱስትሪ ጋር የሚያገናኘው መጨረሻ ላይ ያለች አጭር የልምምድ ጊዜ ብቻ ናት። ሦስተኛው ዓይነት በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ብዙ የሙያ ሁለተኛ ደረጃዎች የሚከተሉት ነው። ተማሪው አንድ ሳምንት መደበኛ ትምህርት ይማራል፣ በቀጣዩ ሳምንት ወርክሾፕ ይውላል፣ እንዲህ እየተፈራረቀ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡም ወዲያው አይመደቡም፤ የተለያዩ ሙያዎችን እየዞሩ ቀምሰው ነው የሚመርጡት።

ምርጫ ካላችሁ ይህን የመዟዟር ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ፈልጉ። በአሥራ አምስት ዓመት ቅጽ ላይ አንድ ሳጥን አስሞልቶ «በቃ፣ አንተ ብየዳ ነህ» ማለት ልጁን መበደል ነው። ጀርመን ውስጥ በብዙ ቦታ ልጆች ወደ ተለያየ መንገድ የሚለዩት ገና አሥር ዓመት አካባቢ ነው። ጣምራውን ሥልጠናቸውን ባደንቅም በዚህ አልስማማም፣ በጣም ይፈጥናል።

ከዚያ በኋላ የሚከፈተው በር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትምህርት ቤቱን የምትጠይቁት ትልቁ ጥያቄ «ሥራ ያገኛል ወይ?» አይደለም። እሱንም ጠይቁ፣ ግን ከሱ በፊት «በዚህ ምስክር ወረቀት በኋላ ከፍ ወዳለ ትምህርት መቀጠል ይቻላል ወይ?» በሉ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኤሪክ ሃኑሼክ የሚባለው የምጣኔ ሀብት ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. የ11 አገሮችን መረጃ አገናዝበው አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ያገኙት እንዲህ ነው፦ ሙያ የተማሩት በወጣትነታቸው ከሌላው ቀድመው ሥራ ይይዛሉ። ዕድሜ ሲገፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አጠቃላይ ትምህርት የተማሩት ይበልጥ ሥራ ላይ ሲቆዩ ይታያል። የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ቴክኖሎጂው ይቀየራል፣ በአንድ ጠባብ ሙያ የሠለጠነው ሰው ደግሞ ከለውጡ ጋር ለመራመድ ይቸገራል የሚል ነው። ይህን አንብቦ «ታዲያ ኮሌጅ ይሻላል» ብሎ መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን የማነበው በሌላ መንገድ ነው፦ ልጁ ሙያውን ይማር፣ ነገር ግን አርባ አምስት ዓመቱ ላይ አዲስ ማሽን ሲመጣ መመሪያውን አንብቦ፣ ስሌቱን ሠርቶ፣ አስፈላጊ ከሆነም ተመልሶ ክፍል ገብቶ መማር የሚችል ሆኖ ይውጣ።

ይህን የተረዱ አገሮች በሩን ከፍተውታል። ስዊዘርላንድ በ1990ዎቹ ለሙያ ተማሪዎች የተለየ የማጠናቀቂያ ፈተና አበጀች፤ እሱን ያለፈ ሠልጣኝ በቀጥታ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል። ፊንላንድ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የሙያ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ የማመልከት መብት አለው። ብዙ ቦታ ግን በሩ በወሬ ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው። ዳይሬክተሩ «አዎ፣ ይቀጥላሉ» ይላሉ፣ ሲጣራ ግን ምስክር ወረቀቱን የሚቀበል የለም፣ ወይም አራት ተጨማሪ ትምህርት ይጠየቃል።

ስለዚህ በወሬ እንዳትመለሱ። ወረቀቱን የሚቀበሉት ተቋማት እነማን እንደሆኑ በስም ይንገሯችሁ፣ ከዚያ ደውላችሁ እነዚያኑ ተቋማት ጠይቁ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከጨረሱት ስንት ልጆች እንደቀጠሉ፣ ስንቱ በተማሩበት ሙያ እንደተቀጠሩ ይንገሯችሁ። ቁጥሩን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ይከታተላል ማለት ነው። «ብዙዎቹ ጥሩ ቦታ ደርሰዋል» የሚል መልስ ብቻ ካገኛችሁ፣ ማንም አልቆጠረም።

የሒሳብና የቋንቋ ሰዓቱንም እዩ። በሙያ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሲሳሳ ማንም አይጮህም፣ ልጆቹም ደስ ይላቸዋል፤ ዋጋው የሚከፈለው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ሒሳብ ደግሞ እዚያ ቤት ከየትም በተሻለ መግባት ይችላል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ሒሳብ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር። የእንጨት ሥራ ክፍል ደረጃ እንዲያቅዱ ሰጠናቸው። ከወለል እስከ ላይኛው ወለል 2 ሜትር ከ80 ሴንቲ። የአንዱ ደረጃ ቁመት 17.5 ሴንቲ ሲሆን 16 ቁመት ይወጣል። እግር የሚያርፍበት መርገጫ ስፋቱ 28 ሴንቲ። ደረጃ ሠሪዎች የሚያውቁት ልክ አለ፦ የቁመቱ እጥፍ ሲደመር መርገጫው 63 ሴንቲ አካባቢ ከመጣ እግር አይደናቀፍም። 35 ሲደመር 28፣ ልክ 63። እስከዚህ ደስ ብሎት ሠራው። ከዚያ 16ን በ28 አባዝቶ 4 ሜትር ከ48 አለና በጠመኔ ወለሉ ላይ በሙሉ መጠኑ አሠመረው። ግድግዳው ያለው 4 ሜትር ከ30 ላይ ነው። ደረጃው 18 ሴንቲ ግድግዳ ውስጥ ገባ።

ዝም አልኩት። ልጁ በጠመኔው መስመር ላይ አንድ በአንድ እየረገጠ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ቆመና «ቲቸር፣ የመጨረሻው መርገጫ እኮ ራሱ ፎቁ ነው!» አለ። መርገጫው 15 ነው፣ ርዝመቱ 4 ሜትር ከ20። ያን ቀን ስለ ስሌት የገባው ነገር በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት ሳይገባው የኖረ ነገር ነው። ጎበዝ የሙያ ትምህርት ቤት ማለት የሒሳብ መምህሩና የወርክሾፕ መምህሩ እንዲህ አብረው የሚሠሩበት ነው። ስትጎበኙ «ሁለቱ መምህራን አብረው ያቀዱት ሥራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወርክሾፑን ሄዳችሁ እዩ

ለጎብኚ በተዘጋጀ ቀን አትሂዱ፣ ያን ቀን ሁሉም ነገር ያበራል። አስፈቅዳችሁ በአዘቦት ቀን፣ ረፋድ ላይ ሂዱ።

መጀመሪያ የቁርጥራጭ ማጠራቀሚያውን ተመልከቱ። የብየዳ ክፍል ከሆነ የላሜራ ቁራጭና ያለቀ የኤሌክትሮድ ጫፍ፣ የእንጨት ከሆነ ሰጋቱራና የተበላሸ መገጣጠሚያ መሙላት አለበት። ባዶና ንጹሕ ከሆነ ልጆቹ እየሠሩ አይደለም። ዕቃ የለም፣ ወይም አለ ግን ቆልፈውበታል። እጅ ደግሞ በማየት አይሠለጥንም። «አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ኤሌክትሮድ ያቃጥላል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መምህሩ ሳያስብ ቁጥር ከነገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ስንት ልጅ በአንድ ማሽን ላይ እንደቆመ ቁጠሩ። አንድ ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን፣ ከበው አሥራ ሁለት ልጆች ከቆሙ አንዱ ይማራል፣ አሥራ አንዱ ያያሉ። ማሽኑ አሮጌ ቢሆን ግን አትደንግጡ። በደንብ የተያዘ አሮጌ ማሽን ላይ ያለ ልጅ፣ ፕላስቲኩ ካልተነሳለት አዲስ ማሽን አጠገብ ከቆመው ይበልጣል። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ብዙ ወላጅ በሚያብረቀርቅ ማሽን ይታለላል።

ደኅንነቱን አደራ። ግራይንደሩ መከለያው አለ? ከብየዳው በላይ ጭሱን የሚስብ ነገር አለ? የእሳት ማጥፊያው ከዕቃ ኋላ ተደብቋል ወይስ እጅ የሚደርስበት ቦታ ነው? ከሁሉም በላይ መምህሩ ራሱ የዓይን መከላከያ መነጽሩን አድርጓል? መምህሩ ካላደረገ ልጁም አያደርግም፣ ዓይን ደግሞ መለዋወጫ የለውም። ሴት ልጅ ካላችሁ ልብስ መቀየሪያው የት እንደሆነ፣ በእጇ ልክ ጓንት እንዳለ፣ በኤሌክትሪኩና በማሽኑ ክፍል ስንት ሴቶች እንዳሉ ጠይቁ። «ሴቶቹን ወደ ስፌት ነው የምንመራቸው» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ስፌት ራሷ ካልመረጠች በስተቀር።

«ይህን ሁሉ ጋራዥ ገብቶ ቢለምደውስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ ቅደም ተከተሉ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሞስኮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ቪክቶር ዴላ ቮስ ሙያን ልክ እንደ ፊደል በትናንሽ ክፍል ከፋፈለው። ከቀላሉ መሞረድ ተነስቶ ወደ ከባዱ መገጣጠም፣ አንዱን ሳያጠሩ ሌላው አይነካም። በ1876 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት የተማሪዎቹ ሥራ በዚሁ ቅደም ተከተል ሲቀርብ አሜሪካኖች አይተው ወደ ትምህርት ቤቶቻቸው ወሰዱት። ጋራዥ ውስጥ ልጁ የሚማረው ያን ቀን የመጣውን ብልሽት ነው፤ ያልመጣውን ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። እንግዲያው ትምህርት ቤቱን «የዓመቱን የሥራ ዝርዝር አሳዩኝ» በሉት። በመጀመሪያው ወር፣ በስድስተኛው ወር፣ በመጨረሻው ዓመት ተማሪው ምን እንደሚሠራ ካልተጻፈ፣ ጋራዥ ክፍያ ተጨምሮበት ነው የምታገኙት።

አንድ የተጠናቀቀ ሥራም አንሱና እዩ። የብየዳውን መስመር በጣታችሁ ዳብሱት። እኩል እኩል የሄደ ሞገድ ያለው፣ ቅርፊቱ በደንብ የተራገፈ፣ ጎንና ጎኑ ያልተበላ መሆን አለበት። ባለሙያ ባትሆኑም ልዩነቱ ለዓይን ይታያል። መምህሩ የተበየደውን ቆርጦ ወይም በሞርሳ ይዞ አጥፎ ውስጡን ለልጆቹ የሚያሳይ ከሆነ፣ ልጃችሁን እዚያ አስገቡት።

ሙያውን ስትመርጡ

ጠበብ ያለውን ከመያዝ ሰፋ ያለውን ያዙ። የአንድን ኩባንያ ዕቃ ብቻ የሚያስተምር ዘርፍ ለመጀመሪያ ሥራ ያፈጥናል፣ ከዚያ ያጣብቃል። ኤሌክትሪክ፣ መካኒክ፣ ግንባታ፣ የጤና ድጋፍ፣ ኮምፒውተር፣ እነዚህ ሰፊ ቤተሰቦች ናቸው፤ ልጁ መጀመሪያ ቤተሰቡን ይምረጥ፣ ዝርዝሩን በመጨረሻው ዓመት። ጀርመኖች በ2003 እ.ኤ.አ. የመኪና መካኒክነትንና የመኪና ኤሌክትሪሺያንነትን አንድ አድርገው አዲስ ሙያ ፈጠሩ፣ ምክንያቱም መኪናው ራሱ ሁለቱን መለየት አቁሟል። ዛሬ መካኒክነት የሚማር ልጅ ኤሌክትሪክን ከፈራ ገና ሳይጀምር ሥራው እያመለጠው ነው።

የማይሆንለት ልጅም አለ፣ ይህንንም ማለት ያስፈልጋል። ሐኪም ወይም የሕግ ባለሙያ መሆን በእርግጥ የሚፈልግ ልጅ በአብዛኛው አገር በመሰናዶው ቢሄድ መንገዱ ያጥርለታል። አንድ መምህር ስላስመረረው፣ ወይም የቅርብ ጓደኛው ስለገባ ብቻ የሚሸሽ ልጅም አለ፤ እሱን መጀመሪያ ከተማረረበት ነገር አላቅቁት፣ ከዚያ አንድ መንፈቅ ቆይታችሁ እንደገና ጠይቁት። ያን ጊዜም ሙያውን ካለ፣ ከልቡ ነው።

የዘመድና የጎረቤት ወሬ ይመጣል። «እዚያ እኮ የሚገባው የሰነፈ ነው» ይባላል። ልጁ ፊት ሲባል ዝም አትበሉ። ረጅም ክርክር አያስፈልግም፣ «መርጦ ነው የገባው፣ እኛም አይተን ደግፈነዋል» ማለት ይበቃል። ልጁ የሚሰማው እናንተን ነው።

ከገባ በኋላ

ሙሉ የዕቃ ስብስብ ቸኩላችሁ አትግዙ። አንድ ጥሩ ሜትር፣ አንድ የሚታመን ቴስተር ወይም ካሊፐር፣ እግሩን የሚጠብቅ ጫማ፤ ሌላው ሲያስፈልግ ይመጣል። ደብተርም ይያዝ። የሠራውን ሁሉ ፎቶ ያንሳ፣ ልኩን ይጻፍ፣ የተበላሸውንም የት ጋ እንደተሳሳተ ጨምሮ ያስቀምጥ። ሥራ ሲጠይቅ ከምስክር ወረቀቱ እኩል የሚያወራለት ይህ ደብተር ነው፣ ቀጣሪ ባለሙያ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚገልጠው የተበላሸውን ገጽ ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «በዚህ ሳምንት በእጅህ ምን ሠራህ?» አሳየኝ በሉት። የተጣመመም ቢሆን ይዞ ይምጣ፣ እንዴት እንደሠራው ያስረዳችሁ፤ ባይገባችሁም ስሙት። አንድ ሳምንት «ምንም» ካለ ያጋጥማል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ «ምንም» ካለ ግን ልጁን አትቆጡት። በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ወርክሾፑ በር ላይ ተገኙና የቁርጥራጭ ማጠራቀሚያውን እዩ።